የካርቱሙ ኢንስፔክተር ሥራው ምን ነበር?

ስለ አንድ ልቦለድ ሂስ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው የታሪኩ አወቃቀር፣ የገጸ ባሕርያቱ አሣሣልና የቋንቋው አጠቃቀም ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ የሱዳን ልቦለድ ይዘን ሌላ ጥያቄ ልንጠይቀው አስበናል። ጥያቄው ለመምህራን እንግዳ አይሆንም። አገር በብዙ ድካም ያስተማረችውን ሰው የት ታስቀምጠዋለች? የሥራውን ፍሬስ በምን ትለካዋለች? ዕድገት ሲሰጠውስ ወዴት ያድጋል?

መጽሐፉ የጠይብ ሳሊህ «መውሲም አል-ሂጅራ ኢላ አሽ-ሸማል» ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወደ ሰሜን የመሰደድ ወቅት» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 በቤይሩት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1969 ታተመ። ደራሲው በ1929 በሰሜን ሱዳን ተወለደ፤ በካርቱም ተማረ፤ ለጥቂት ጊዜ በመምህርነት አገለገለ፤ ከዚያም ወደ ለንደን ሄዶ በቢቢሲ የዐረብኛው ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠራ። ያረፈውም በ2009 እዚያው ለንደን ነው። እንግዲህ አስተማሪም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ሆኖ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ ስለ ሥራና ስለ ሹመት የሚጽፈው በወሬ የሰማውን አይደለም።

መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ሙስጠፋ ሰዒድን ነው። ይህ በ1898 ካርቱም ውስጥ የተወለደ፣ አእምሮው እንደ ስለት የሚቆርጥ ልጅ በእንግሊዛዊው ርዕሰ መምህር ርዳታ ወደ ካይሮ፣ ከካይሮም ወደ ለንደን ሄዶ የኢኮኖሚክስ መምህር ይሆናል። ከሴቶች ጋር የነበረው ታሪክ፣ ሚስቱን መግደሉ፣ መታሰሩ፣ በመጨረሻም በዐባይ ዳር በምትገኝ አንዲት መንደር ያለፈ ታሪኩን ደብቆ ገበሬ መሆኑ ብዙ ተጽፎበታል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን የሚተርክልን ሌላ ሰው መኖሩን፣ ያም ሰው ካርቱም ውስጥ የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። እኛ የምንከተለው እርሱን ነው። ስሙ እንኳ በመጽሐፉ ውስጥ አይነገረንም። በቢሮ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ከማዕረጉ በቀር ስም የለውምና ይህ ራሱ ሳይታሰብበት የተደረገ አይመስለንም።

ተራኪው በእንግሊዝ አገር ሰባት ዓመት ቆይቶ ዶክተር ተብሎ ይመለሳል። የተመራመረው ዝናው እምብዛም ስላልተሰማ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ሕይወት ነው። አገሩ ገብቶ የተሰጠው ሥራ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከእስልምና በፊት የነበረውን የዐረብ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ነው። ጥቂት እንደ ቆየም ዕድገት ያገኝና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ኢንስፔክተር ይሆናል። ደራሲው ይህን ሁሉ የሚነግረን እንደ ዋዛ በጥቂት ቃላት ነው፤ አንባቢውም ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እኛ መምህራን ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል።

ነገሩን በተራ እንየው። ሰውዬው የሠለጠነው በአንድ ነገር ነው፤ የተመደበው በሌላ ነው፤ ያደገው ደግሞ ከሁለቱም በራቀ በሦስተኛ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ግጥም ማጥናቱ የዐረብኛውን ለማስተማር አላዘጋጀውም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማስተማሩም ፊደል የሚቆጥሩ ሕፃናት እንዴት እንደሚማሩ አላሳየውም። ታዲያ ለኢንስፔክተርነት ያበቃው ምንድን ነው? መልሱ ዲግሪው ነው። የሠራተኛ አስተዳደር ዐዋቂዎች መቅጠርን፣ መመደብን፣ ማሠልጠንን፣ ሥራን መገምገምንና ማሳደግን እንደ አንድ ሰንሰለት ያዩዋቸዋል። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የቀሩት አይያያዙም። በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ቀለበቶቹ ሁሉ አሉ፤ ነገር ግን አንዱም ከሌላው ጋር አልተያያዘም።

ሙስጠፋ ሰዒድ ተራኪውን ገና ሲተዋወቀው ይህን ይነካበታል። ለዚህች አገር ግጥም ምን ይፈይድላታል፣ እርሻ ወይም ምሕንድስና ወይም ሕክምና ብትማር ይሻል ነበር፣ የሚል ሐሳብ ይሰነዝርበታል። ተራኪው ይናደዳል። በበኩላችን ሙስጠፋ ሰዒድ ጥያቄውን በትክክል አላቀረበም እንላለን። ስሕተቱ ግጥም መማሩ ላይ አይደለም። ግጥም የተማረ ሰው ለሚያስተምራቸው ልጆች ትልቅ ሀብት ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ፣ ምን ተማርክ፣ ምን ትችላለህ፣ የት ብትሆን ይበልጥ ትጠቅማለህ ብሎ የጠየቀው አንድም አለቃ አለመኖሩ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ልቦለዱን በሚገባ ለመረዳት የካርቱምን የቢሮ ታሪክ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዞች ሱዳንን ከያዙ በኋላ በ1902 በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅን ከፈቱ። የመጀመሪያው የትምህርት ዲሬክተር ጄምስ ካሪ ያወጣው ዕቅድ ግልጽ ነበር፤ ጥቂት የእጅ ባለሙያዎች፣ የመንግሥትን አሠራር ለመረዳት የሚበቃ ትምህርት ያለው ሕዝብ፣ ለበታች የመንግሥት ሥራ የሚሆኑ ጥቂት ጸሐፊዎች ማፍራት ነበር። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ከመነሻው የተቆረጠው በቢሮው ልክ ነው። ተማሪው ምን ሊሆን ይችላል ተብሎ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ስንት ወንበር ባዶ አለ ተብሎ ነው። በ1931 የተመራቂዎች መነሻ ደመወዝ በተቀነሰ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች አድማ መቱ። ለምን ደመወዝ አስነሣቸው ብሎ የሚገረም ሰው ቢኖር፣ ከደመወዝና ከማዕረግ በቀር ትምህርቱ ሌላ ግብ እንዳልተሰጠው ያስታውስ።

በልቦለዱ ውስጥ የዚህ ሥርዓት ፍሬ የሆነ አንድ ሰው በባቡር ላይ እናገኛለን። ጡረታ የወጣ ማእሙር ነው፤ ማእሙር ማለት የአውራጃ ሹም እንደ ማለት ነው። ከሙስጠፋ ሰዒድ ጋር በአንድ ክፍል ተምሯል። ዕድሜውን የጨረሰው ከእንግሊዙ ሹም በታች ሆኖ ግብር በመሰብሰብና የሕዝብን ጥላቻ በመሸከም ነው። ደራሲው ይህን ሽማግሌ የሚያሳየን በጥቂት ገጾች ነው፤ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ እውነት ያለበት ሥዕል ሆኖ አግኝተነዋል። ዕድገት ለእርሱ የጊዜ ጉዳይ እንጂ የሥራ ጉዳይ አልነበረም። ባቡሩ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እንደሚሄድ እርሱም ከእርከን ወደ እርከን ሄዶ መጨረሻው ላይ ወረደ።

ነጻነት ሲቃረብ ነገሩ መለወጥ ነበረበት። በ1953 በተደረገው የእንግሊዝና የግብፅ ስምምነት መሠረት በ1954 የውጭ ዜጎችን በሱዳናውያን የሚተካ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሥራውንም በ1955 ጨረሰ። ወደ ስምንት መቶ የሚሆኑ ቦታዎች ለሱዳናውያን ሲከፋፈሉ ለደቡብ ሱዳን ሰዎች የደረሱት ከዐሥር ያነሱ ነበሩ። ምክንያቱ የአገልግሎት ዘመን፣ የትምህርት ደረጃና የዐረብኛ ችሎታ ነው ተባለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሥርዓት ያለው ይመስላል። ግን ለደቡቡ ልጅ ያን መመዘኛ የሚያሟላበት ትምህርት ቤት ቀድሞ መች ተከፈተለት? በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የቶሪት ወታደሮች ዐመፁ፤ ከዚያም ረጅሙ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አንልም። ሆኖም የሹመት ዝርዝር እንደ ተራ የቢሮ ወረቀት የሚታይ ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ሱዳን ነጻ የወጣችው በጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነው። የልቦለዱ ተራኪ እንግዲህ የሚሠራው ወንበሩ ሳይለወጥ ተቀማጩ በተለወጠበት መሥሪያ ቤት ነው። ይህን የሚያጋልጠው ስለ ትልቁ ስብሰባ የሚተረከው ክፍል ነው። የአፍሪካ አገሮች የማስተማሪያ ዘዴያቸውን አንድ ለማድረግ ካርቱም ውስጥ ብዙ ገንዘብ በፈሰሰበት የእብነ በረድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ተራኪውም በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ይሠራል። አንድ ሚኒስትር ተነሥቶ፣ የተማረ ሁሉ ከማራገቢያ ሥር በተደላደለ ወንበር መቀመጥና በመኪና መሄድ ብቻ ይመኛል ብሎ ይወቅሳል። ንግግሩ መልካም ነው። ተራኪው ግን ሚኒስትሩ ራሱ ከሚወቅሳቸው ሰዎች በምን ያህል እጥፍ ተንደላቅቆ እንደሚኖር በኋላ ይረዳል። የአገራችን ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

በዚህ ሁሉ መካከል የደራሲው ብልኃት የሚታየው መሕጁብን በማምጣቱ ነው። መሕጁብ የተራኪው የልጅነት ጓደኛ ነው፤ በትምህርት ከእርሱ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ለገበሬ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ይበቃዋል ብሎ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ወደ እርሻው ተመለሰ። አሁን የመንደሩ የእርሻ ፕሮጀክት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ሙስጠፋ ሰዒድም ያለፈ ታሪኩን ደብቆ በኖረባቸው ዓመታት ኮሚቴውን በምክሩ ረድቷል። በፕሮጀክቱ ትርፍ የእህል ወፍጮ እንዲተከልና የኅብረት ሱቅ እንዲከፈት ሐሳቡን ያቀረበው እርሱ ነው። የለንደኑ የኢኮኖሚክስ ሊቅ በሕይወቱ ለሰው የሚዳሰስ ጥቅም የሰጠው ማንም ሳይሾመው፣ ማንም ዲግሪውን ሳያውቅ በወፍጮ ቤትና በሱቅ ነው። መሕጁብ ጓደኛውን አንተ ካርቱም ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ እያለ ሲነካካው፣ ተራኪው እንደኔ ያለ ሠራተኛ የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር የሚለውጠው ነገር የለም የሚል መልስ ይሰጣል።

ይህ መልስ የመጽሐፉ ቁልፍ ነው እንላለን። አንድ ሠራተኛ ሥራዬ ምንም አይለውጥም ብሎ ካመነ ደመወዝ ቢጨመርለት፣ ማዕረግ ቢሰጠው፣ ስብሰባ ቢላክ ሥራው አይሻሻልም። ይህም እምነት ከቢሮው በር ውጭ አይቀርም። ሙስጠፋ ሰዒድ ከመጥፋቱ በፊት የሚስቱንና የልጆቹን ነገር ለተራኪው በዐደራ ትቶለት ነበር። ሑስና የተባለችው ሴት ለማትወደው ሽማግሌ በግድ ስትዳር ዐደራ ተቀባዩ ያለው ካርቱም ነው። ቴሌግራም ደርሶት ሲመጣ ሁለቱም ሞተው ያገኛቸዋል። በቢሮ ምንም አልችልም ማለትን የለመደ ሰው በቤትም አልቻለም። ደራሲው እዚህ ላይ የሚሰጠን ትምህርት ከማንኛውም የአስተዳደር መጽሐፍ ይበልጥ የጠለቀ ነው።

ሂስ ግን ምስጋና ብቻ አይደለም። መጽሐፉን የምንወቅስበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ተራኪው የትምህርት ኢንስፔክተር ሆኖ ሳለ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ትምህርት ሲከታተል፣ የመምህር ደብተር ሲመለከት፣ ከአንድ የገጠር አስተማሪ ጋር ሲመካከር አናየውም። ደራሲው ቢሮውን በሚገባ ያፌዝበታል፤ ግን ከቢሮው ሌላ አማራጭ አድርጎ የሚያሳየን እርሻውን ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ ወጣት አንባቢ፣ የተማረ ሰው ወይ በካርቱም ይበሰብሳል፣ ወይ ትምህርቱን ጥሎ ያርሳል፣ ሦስተኛ መንገድ የለም ወደሚል አሳብ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛ መንገድ ግን በዚያችው በሱዳን ነበረ። በ1934 በነጭ ዐባይ ዳር በአድ-ዱዌይም አጠገብ ባኽት አር-ሩዳ የተባለ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። መሪው ግሪፊትስ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ማሠልጠኛው ከካርቱም ርቆ በገጠር እንዲሆን የተደረገው ዕጩ መምህራን የሚያስተምሩበትን ኑሮ እየኖሩ እንዲማሩ ነው። የትምህርት መጻሕፍቱ እዚያው ይዘጋጃሉ፤ በአጠገቡ ባሉ ትምህርት ቤቶች ይፈተናሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ይሠራጫሉ። ተመርቆ የሄደ መምህርም ጥቂት ዓመት ሠርቶ ለማደሻ ትምህርት ይመለሳል። የግሪፊትስ ረዳት የነበረው ዐብድ አር-ራሕማን ዐሊ ጣሃ ሕፃናት በየአካባቢው ያሉ የአገራቸውን ሰዎች ኑሮ የሚያውቁበትን የጂኦግራፊ ትምህርት አዘጋጀ። እርሱም በ1948 የመጀመሪያው ሱዳናዊ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ይህ ሰው ያደገው ክፍሉን ጥሎ ሳይሆን ክፍሉን ይዞ ነው። ልዩነቱን እናስተውል፤ በልቦለዱ ውስጥ ዕድገት ከሥራ መውጫ በር ነው፤ በባኽት አር-ሩዳ ግን ዕድገት ከሥራው የሚወጣ ፍሬ ነበር። ጠይብ ሳሊህ ከዚህ ዓይነት አንድ መምህር እንኳ በመንደሩ ውስጥ ቢያስቀምጥልን ኖሮ ክርክሩ ይበልጥ የተሟላ በሆነ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ትዝ ይለናል። አበራ ወርቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ያለው ሥዕል ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ የቆመ ደመወዙን እንዳይተው ይወተውተዋል። የካርቱሙ ተራኪና የአዲስ አበባው አበራ በአንድ ዘመን የተጻፉ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ወንበር አላቸው፤ ሁለቱም ሥራ የላቸውም። ልዩነታቸው አበራ የሚችለውን ነገር ማወቁ፣ የካርቱሙ ሰው ግን ይህንንም መርሳቱ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያስተምር የሥነ ጽሑፍ መምህር ብዙ የሚያወያይ ነገር ያገኛል።

ነገሩ በልቦለድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። በጣም ጎበዝ የሆነች የሒሳብ መምህርት ትኖራለች፤ ተማሪዎች የእርሷ ክፍል እንዲደርሳቸው ይመኛሉ። ጉብዝናዋ ሲታወቅ ምክትል ርዕሰ መምህርት ትሆናለች። ከዚያ በኋላ የምትውለው የዘገዩ ተማሪዎችን ስም በመመዝገብና የጠመኔ ወጪ በመፈረም ነው። ሸልመናታል ብለን እናምናለን፤ ግን ተማሪዎቹ መምህርታቸውን አጡ፤ እርሷም ሙያዋን አጣች።

ይህን ለማስቀረት በአገራችን የመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል ተዘርግቷል። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር በኩል ወደ ተባባሪ መሪ መምህርና ወደ መሪ መምህር ያደርሳል። ሐሳቡ እጅግ መልካም ነው፤ መምህሩ ጠመኔውን ሳይጥል ማዕረግም ደመወዝም እንዲያገኝ ያስችለዋል። ነገር ግን መሰላሉ በዓመት ቁጥርና በተሞላ ቅጽ ብቻ የሚወጣ ከሆነ የባቡሩን ማእሙር እናፈራለን። መሪ መምህር ተብሎ ማንንም የማይመራ፣ ጀማሪውን መምህር ክፍል ገብቶ የማያግዝ ከሆነ ስሙ ብቻ ተለወጠ ማለት ነው። የሥራ ግምገማም እንዲሁ ነው። ገምጋሚው በዓመት አንድ ጊዜ ለነጥብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መምህሩ ለዚያ ቀን ብቻ ይዘጋጃል። ተመልሶ መጥቶ ባለፈው የተነጋገርነው ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ግምገማው ራሱ ትምህርት ይሆናል።

ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ካርቱም ያቺ የልቦለዱ ካርቱም አይደለችም። በአፕሪል 15 ቀን 2023 በተነሣው ጦርነት ከተማዋ ተቃጥላለች፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቀርተዋል፤ ሕዝቡም ተሰዷል። ከተሰደዱት መካከል በመተማ በኩል ወደ አገራችን የገቡ አሉ። ቀደም ባሉት ዘመናት ደግሞ የእኛ መምህራንና ተማሪዎች በዚያው በር ወደ ካርቱም ተሰደው፣ የተማሩትን ትተው ያገኙትን ሥራ ሠርተው አድረዋል። ይህን የምናነሣው ለሐዘን ብቻ አይደለም። ማዕረግ፣ ወንበርና አዳራሽ በአንድ ጧት ሊጠፉ ይችላሉ። ሳይጠፋ የሚቀረው ሰው በእውነት የሚችለው ነገር ነው። አንዲት መምህርት ጥቂት ልጆች ሰብስባ በዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር ከጀመረች፣ መሪ መምህርነቷን የሚያጸድቅ ኮሚቴ አያስፈልጋትም።

እንግዲህ የጠይብ ሳሊህን መጽሐፍ ለመምህራንም ለተማሪዎችም እናመሰግነዋለን፤ ተማሪዎች ሲያነቡት ግን መምህር ቢያግዛቸው ይሻላል፤ ከባድ ትዕይንቶች አሉበትና። የሙስጠፋ ሰዒድ ታሪክ ልባችሁን ሲሰቅለው፣ በጎን የቆመውን ስም የለሹን የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ አትርሱት። ተማሪዎችም ወደፊት ምን ልሁን ብለው ሲጠይቁ፣ ምን መሥራት እችላለሁ፣ ለማንስ ይጠቅማል የሚለውን አብረው ይጠይቁ። ርዕሳነ መምህራንና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ በሚቀጥለው የዕድገት ዝርዝር ላይ ከመፈረማቸው በፊት ከያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ጥያቄ ቢጽፉ መልካም ነው፤ ይህ ሰው ወደ አዲሱ ቦታ ሲሄድ የሚተወውን ክፍል ማን ይይዘዋል?

የካርቱሙን ኢንስፔክተር ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።